ያገባናል የማለት መብት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ስለ ሰብዓዊ መብት ሕግና ስለ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች ተግባር እንድናገር የተጠየቅሁት እኔ፣ እንደምታውቁት፣ የሕግ ሰው አይደለሁም። የተማርሁት ሲቪል ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬም የውሃና የመንገድ ሥራ ነው። ስለዚህ ርእሱን በሙሉ ስፋቱ ልይዘው አልደፍርም። ከውስጡ አንድ ክስ ብቻ መርጫለሁ። ይኸውም ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ላይ፣ በሄግ ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ያቀረቡት፣ የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ክስ የሚባለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

ከከሳሾቹ አንዷ ሀገራችን መሆኗ ብቻውን ለዚህ ምርጫ በቂ ምክንያት ይሆን ነበር። ነገር ግን የእኛን ሙያ በቀጥታ የሚነካ ሌላ ነገር አለበት። ተከሳሹ መንግሥት ለመከላከያው ከደረደራቸው ነገሮች መካከል የውሃ ጉድጓድ፣ መንገድ፣ ግድብ፣ ሆስፒታልና የልማት ፕላን ይገኙባቸው ነበር። የእኛ ዓይነት ሰዎች የሠሩት ሥራ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ ማለት ነው። ለማን እንደ መሰከረ ቀጥሎ እናያለን።

ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ዛሬ ናሚቢያ የምንላት ሀገር ናት። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከ1904 እስከ 1908 ባለው ጊዜ ውስጥ የሄሬሮና የናማ ሕዝብ በጀርመን ጦር የተፈጀው በዚያች ምድር ነው። ጀርመን ድል ከተመታች በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ሀገሪቱን በዲሴምበር 1920 በሞግዚትነት ለደቡብ አፍሪካ ሰጠ። እዚህ ላይ «ሰጠ» የሚለው ቃል በጥንቃቄ መወሰድ አለበት፤ ርስት አድርጎ አልሰጠም። የማኅበሩ ቃል ኪዳን በ22ኛው አንቀጽ፣ ገና ራሳቸውን ችለው መቆም አይችሉም የተባሉት ሕዝቦች ደኅንነትና ዕድገት የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ መሆኑን ይናገራል። አደራ የሚለውን ቃል ለእኛ ማንም እንዲተረጉምልን አያስፈልግም። አደራ ተቀባይ በተቀበለው ነገር አይነግድም፣ አይለውጠውም፣ የራሱም አያደርገውም። «አደራ በላ» የሚለው ስድብ በቋንቋችን «ሌባ» ከሚለው የሚከብደው ስለዚሁ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ግን አደራውን ቀስ በቀስ ርስቷ ልታደርገው ተነሣች። የመንግሥታት ማኅበር በ1946 ሲፈርስ፣ አደራ ሰጪው ከሞተ አደራውም አብሮ ሞቷል የሚል ክርክር አመጣች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የፍርድ ቤቱን አስተያየት ጠይቆ ነበርና፣ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 1950 ሞግዚትነቱ እንዳለ መሆኑን፣ ደቡብ አፍሪካም ብቻዋን የሀገሪቱን አቋም ልትለውጥ እንደማትችል ገለጸ። ይህ ግን የምክር አስተያየት እንጂ ተከራካሪን የሚያስር ፍርድ አልነበረም። ፕሪቶሪያ ሰምታ እንዳልሰማች ሆና፣ በሀገሯ ከ1948 ወዲህ ያጸናችውን የአፓርታይድ ሕግ ወደ አደራው መሬት አሻገረችው።

ይህ አሠራር በምድር ላይ ምን ይመስል እንደ ነበር ለመረዳት ካቱቱራን ማየት ይበቃል። በዋና ከተማይቱ በዊንድሁክ የነበሩት ጥቁሮች ከአሮጌው ሰፈራቸው ተነሥተው ከከተማው ራቅ ብሎ ወደ ተሠራ አዲስ ሰፈር እንዲሄዱ ታዘዙ። አንሄድም አሉ። በዲሴምበር 10 ቀን 1959 ፖሊስ ተኩስ ከፍቶ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ዕለቱ፣ እንደ አጋጣሚ፣ የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ የሚታሰብበት ቀን ነበር። ሕዝቡ አዲሱን ሰፈር «ካቱቱራ» አለው፤ በሄሬሮ ቋንቋ «ልንኖርበት የማንፈልግ ቦታ» እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የግንባታ ደረጃ መለኪያ ብቻ ይዞ ለሄደ መሐንዲስ አዲሱ ሰፈር ከአሮጌው የተሻለ ነበር። ቤቶቹ በመስመር የተሠሩ፣ መንገዶቹም በፕላን የተቀየሱ ናቸው። ነገር ግን ፕላኑ ሰውን በየጎሣው ለይቶ የሚያሰፍር፣ በየበሩም የነዋሪውን ጎሣ የመጀመሪያ ፊደል የሚጽፍ ነበር። ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ በሲሚንቶና በጡብ ተሠራ።

በጁን 1960 የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ሁለተኛ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲሰበሰብ ጉዳዩ ተነጋገሩበት፤ ኢትዮጵያና ላይቤሪያም ክስ ለመመሥረት ያሰቡትን ጉባኤው ደገፈ። ክሱ ፍርድ ቤት የገባው በኖቬምበር 4 ቀን 1960 ነው። ለምን እነዚህ ሁለቱ ብቻ? ምክንያቱ በሞግዚትነቱ ሰነድ 7ኛ አንቀጽ ውስጥ ይገኛል። በሰነዱ ትርጉምና አፈጻጸም ላይ ክርክር ቢነሣ ሞግዚቱን መንግሥት ወደ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሊጠራው የሚችለው የመንግሥታት ማኅበር አባል የነበረ መንግሥት ብቻ ነው። በ1960 ነጻ የወጡት ብዙዎቹ የአፍሪካ መንግሥታት በዚያ ዘመን አልነበሩም። ላይቤሪያ ከመጀመሪያው አባል ነበረች፤ ኢትዮጵያ በ1923 ገብታለች። በ1936 ከፋሽስት ወረራ ያላዳናት አባልነት፣ ማኅበሩ ራሱ ከፈረሰ በኋላ ለሌላ ሕዝብ መከራከሪያ መሣሪያ ሆነ። ያ አባልነት በጄኔቫ ያተረፈልን ጥቅም ይህ ብቻ ነው ብል አላጋነንሁም።

ደቡብ አፍሪካ በመጀመሪያ ያቀረበችው የሥልጣን መቃወሚያ ነበር። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 21 ቀን 1962 ስምንት ለሰባት በሆነ ድምፅ መቃወሚያውን ጥሎ ክሱን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የአንድ ዳኛ ልዩነት መሆኑን አስታውሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ነገር ተገባ። እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ መሐንዲሶች የምንገኝበት ክፍል ይህ ነውና።

ክሱ ገና በቀጠሮ ላይ ሳለ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በ1962 በኦደንዳል ሰብሳቢነት አንድ አጣሪ ኮሚሲዮን አቋመ። የኮሚሲዮኑ ሪፖርት በ1964 ታወጀ። ይህን ሪፖርት የሚያነብ ሰው አንድ እጁ ላይ ጥሩ የልማት ፕላን ይይዛል፤ በኩኔኔ ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የውሃ ቦዮች፣ መንገዶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ በአምስት ዓመት የሚከናወን ፕሮግራም። በሌላው እጁ ደግሞ ሀገሪቱን በዘርና በጎሣ ቆራርሶ ለጥቁሩና ለክልሱ ሕዝብ አሥር ክልሎችን የሚመድብ ካርታ ይይዛል። በ1960 ቆጠራ መሠረት የሀገሪቱ ሕዝብ 526,000 ያህል ሲሆን፣ ከነዚህ ውስጥ ነጮቹ 73,000 ያህል ነበሩ፤ ከሰባት አንድ ማለት ነው። በካርታው ላይ ለዚህ አንድ ሰባተኛ የተተወለት መሬት ከጠቅላላው አርባ በመቶ ይበልጣል። የግድቡና የክልሉ ፕላን በአንድ ጥራዝ የታሰሩ፣ አንዱ ሌላውን የሚያስረዳ ነበሩ። መንግሥቱ ክሱ እስኪያልቅ የክልሎቹን ክፍፍል አቆይቶ የልማቱን ክፍል ተቀበለ። ዘዴው የተዋጣለት ነበር፤ ለዳኞቹ የሚታየው ቧንቧና መንገድ ብቻ ይሆናል።

በ1965 ከማርች እስከ ኖቬምበር በተሰማው የቃል ክርክር ደቡብ አፍሪካ አሥራ አራት ምስክሮችና የሙያ አዋቂዎች አቀረበች። ከዚያም አልፎ፣ ዳኞቹ ራሳቸው መጥተው ሀገሩን ይጎብኙ የሚል ግብዣ አቀረበች። እኛ በልማዳችን «ቦታው ድረስ ሂዶ ማየት» የሚለውን ነገር እንወዳለን፤ ስንጥቅ ያለበትን ግድግዳ በፎቶግራፍ አንፈርድም። ፍርድ ቤቱ ግን ግብዣውን አልተቀበለም።

የከሳሾቹ ነገረ ፈጅ አሜሪካዊው ኧርነስት ግሮስ የተከተለው መንገድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በክርክሩ መካከል፣ ስለ ሆስፒታሉ ብዛትና ስለ ትምህርት ቤቱ ቁጥር የሚደረገውን ሙግት ትቶ፣ ተከሳሹ በጽሑፍ ያመነውን ፍሬ ነገር እንዳለ ተቀበለ። ክርክሩን በአንድ ነጥብ ላይ አቆመው፤ ሰውን በችሎታውና በሥራው ሳይሆን በተወለደበት ዘር ብቻ ለይቶ መብትና ግዴታ የሚመድብ ሕግ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ የዓለም ሕግ የሚከለክለው ነው አለ። ማስረጃው ሕጎቹ ራሳቸው ናቸው። በብዙ ሰዎች ዘንድ ይህ እርምጃ ሽሽት መስሎ ታይቶ ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ትክክለኛ የምህንድስና አስተሳሰብ ነው። ስሕተቱ በአሠራር ላይ ሲሆን ስንጥቁን እንለካለን፤ ስሕተቱ ከንድፉ ሲሆን ግን ስንጥቅ እስኪታይ መጠበቅ የለብንም፤ ሥዕሉን ዘርግቶ ማሳየት በቂ ነው። ካቱቱራ ብትጎበኙ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ታያላችሁ፤ ሰዎቹ በምሽት ከተማው ውስጥ እንዳይገኙ የሚከለክለውን ሕግ ግን በጎዳናው ላይ አታዩትም።

ፍርዱ በጁላይ 18 ቀን 1966 ተነገረ። ስድስት ዓመት ያህል ከተሟገቱ በኋላ፣ በሺህ የሚቆጠር ገጽ ከተጻፈ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ አፓርታይድ ሕጋዊ ነው ወይም አይደለም ሳይል ቀረ። ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም መኖሩን አላስረዱም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው። ሞግዚቱ ሕዝቡን እንዴት እንደሚያስተዳድር የመቆጣጠር መብት የማኅበሩ እንጂ የእያንዳንዱ አባል መንግሥት አልነበረም፤ የሰብአዊነት ስሜት ብቻውን ሕጋዊ መብት አይፈጥርም የሚል ነው ምክንያቱ። ድምፁ ሰባት ለሰባት ተከፈለ። በሕጉ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ሁለተኛ ድምፅ ስላላቸው አውስትራሊያዊው ሰር ፐርሲ ስፔንደር ሚዛኑን ደፉት። እኚህ ሰው በ1962 በአናሳው ወገን የነበሩ ናቸው። በመካከሉ አንድ ዳኛ ሞተዋል፣ አንዱ ታመዋል፣ የፓኪስታኑ ዳኛ ዘፍሩላ ኻን ደግሞ በዚህ ጉዳይ አልተቀመጡም፤ ያልተቀመጡበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ፍርዱን ወደ ተራ አማርኛ ብንመልሰው «ምን አገባችሁ?» ማለት ነው።

ይህን መልስ በሥራችን እናውቀዋለን። የድልድይ ሥራ ውል የሚፈርሙት አሠሪውና ሥራ ተቋራጩ ናቸው። አህያውን ጭኖ በየገበያው ቀን የሚሻገረው ገበሬ ስሙ በውሉ ውስጥ የለም። የድልድዩ ምሰሶ ቢሰምጥ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ በውሉ መሠረት ሊጠይቅ የሚችለው ግን አሠሪው ብቻ ነው። የ1966ቱ ዳኞች የተናገሩት በዚህ ሚዛን ሲታይ እንዲህ ነው፤ ውሉ በማኅበሩና በደቡብ አፍሪካ መካከል ነበር፣ ማኅበሩ ሞቷል፣ ስለዚህ አሁን የሚጠይቅ የለም። የናሚቢያ ሕዝብ ራሱ በዚያ ፍርድ ቤት ሊቆም አይችልም፤ በሄግ የሚከስና የሚከሰስ መንግሥት ብቻ ነውና። ሕዝቡ መክሰስ አይችልም፣ ስለ ሕዝቡ የሚከሰውም አያገባውም። እንግዲያው አደራው ጠያቂ የሌለው አደራ ሆነ።

ለፈራጆቹ ፍትሐዊ ልሁን። ያስጨነቃቸው ነገር ባዶ አልነበረም። ማንም መንግሥት ማንንም መንግሥት በውስጥ አስተዳደሩ ሊከስ የሚችል ከሆነ ፍርድ ቤቱ የፖለቲካ ጠላቶች መፋለሚያ ይሆናል፤ ዳኞችም ሕግ ከመተርጎም አልፈው ሕግ አውጪ ይሆናሉ። ይህ ፍርሃት ዛሬም አለ፣ ዛሬም መልስ ይፈልጋል። ነገር ግን በዚያ ክስ ላይ 7ኛው አንቀጽ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ መብቱን ዳኞች አልፈጠሩትም፤ በ1962 ራሳቸው አንብበውታል። አሜሪካዊው ዳኛ ፊሊፕ ጄሰፕ በረጅም የልዩነት ሐሳባቸው፣ መንግሥታት የራሳቸው ንብረትና ዜጋ ሳይነካ በሌላው ሕዝብ አያያዝ ላይ ሕጋዊ ጥቅም እንዳላቸው የሚያሳዩ ውሎችን ዘርዝረው አስረድተዋል። ጃፓናዊው ዳኛ ኮታሮ ታናካ የጻፉት ደግሞ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኩልነት ማለት ሁሉን ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ አይደለም፤ ልዩነት ማድረግ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ ግን ልዩነት አድራጊው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት፤ ዘር ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላሉ።

የሀገራችንን ልማድ እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ያየ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ ተደባዳቢዎቹ እጃቸውን መሰብሰብ ነበረባቸው። መንገደኛው የማንኛቸውም ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም፤ ማን ነህ፣ ምን አገባህ አይባልም። ሲያስፈልግም ያው መንገደኛ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲዳኛቸው ይለመን ነበር። ሮማውያንም ማንኛውም ዜጋ ስለ ሕዝብ ጥቅም ሊያነሣው የሚችል የክስ ዓይነት ነበራቸው፤ የ1966ቱ ፍርድ ይህን ጠቅሶ እንዲህ ያለው መብት በዓለም አቀፍ ሕግ ውስጥ የለም ብሏል። ይህ ዓይነቱ መብት የሌለበት የሕግ ሥርዓት ከመንደራችን የዛፍ ጥላ ችሎት ያነሰ መሆኑን ለመናገር የሕግ ዲግሪ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከፍርዱ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። በኦገስት 26 ቀን 1966፣ ፍርዱ ከተነገረ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ የስዋፖ ታጋዮችና የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ በሰሜን ናሚቢያ ተዋጉ። የትጥቁ ዝግጅት ቀድሞ የተጀመረ ስለሆነ ጦርነቱን ፍርዱ ወለደው አልልም፤ በሕግ እንጠብቅ ይሉ የነበሩትን ሰዎች አፍ ግን ዘጋ። በኦክቶበር 27 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 114 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ ሦስት መንግሥታት ድምፃቸውን ሲያቅቡ፣ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት አቋረጠ። ተቃዋሚዎቹ ደቡብ አፍሪካ ራሷና ፖርቱጋል ነበሩ።

ፍርድ ቤቱም ቢሆን በዚያው አልቀረም። በፌብሩዋሪ 1970 የባርሴሎና የትራምና የመብራት ኃይል ኩባንያ ባለአክሲዮኖችን ጉዳይ ሲወስን፣ ለክርክሩ የግድ አስፈላጊ ባልሆነ አንድ አንቀጽ ውስጥ፣ ባርነትንና የዘር መድልዎን መከልከልን የመሰሉ ግዴታዎች ለዓለም ሁሉ የሚገቡ ስለሆኑ መንግሥታት ሁሉ በመከበራቸው ሕጋዊ ጥቅም አላቸው አለ። ስለ መብራት ኩባንያ አክሲዮን በተነሣ ሙግት ውስጥ የ1966ቱ በር በጎን ተከፈተ። በጁን 21 ቀን 1971 ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት በጠየቀው የምክር አስተያየት ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቀመጧ ሕገ ወጥ መሆኑንና ለቃ መውጣት እንዳለባት ገለጸ። ከዚህ አስተያየት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ይደንቁኛል። አንደኛው፣ አፓርታይድ የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ መሆኑን ለመወሰን ተጨማሪ የፍሬ ነገር ማስረጃ አያስፈልግም፤ ሕጎቹና ድንጋጌዎቹ ይበቃሉ ማለቱ ነው። ግሮስ በ1965 የቆመበት ነጥብ በ1971 ዳኞቹ የቆሙበት ሆነ። ሁለተኛው በጥቂት መስመር የተጻፈ ነው፤ መንግሥታት ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ የምትሠራውን አይወቁላት፣ ነገር ግን የልደት፣ የሞትና የጋብቻ ምዝገባን አለመቀበል ሕዝቡን ስለሚጎዳ ይህን አይጨምርም ይላል። በታላላቅ መንግሥታት ሙግት መካከል የአንዲት ሙሽራን የጋብቻ ወረቀት ያሰበ ዳኛ ሥራውን ያወቀ ነው።

ይህም አስተያየት ደቡብ አፍሪካን አላስወጣም። ሆኖም በዚያው ወር መጨረሻ በናሚቢያ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች፣ ከነዚህም አንዱ ጳጳስ ሊዮናርድ አዋላ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ በዲሴምበርም ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የኮንትራት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የፍርድ ቤት ቃል ወታደር የለውም፤ ግን ሰው አንሥቶ ሊይዘው ይችላል። ናሚቢያ ነጻ የወጣችው በማርች 21 ቀን 1990 ነው። ያ በኦደንዳል ሪፖርት የታቀደው የኩኔኔ ውሃ ሩዋካና ላይ ተርባይን እያዞረ ዛሬ ነጻዪቱን ናሚቢያ ያበራል። ተርባይኑን የነደፉት ሰዎች ጥሩ መሐንዲሶች ነበሩ። ሥራቸው የተጠራው ግን ኬላን ለመከላከል ነበር፤ ይህን አላወቁም ነበር ለማለት ሪፖርቱ ራሱ አይፈቅድም፤ ካርታውና ግድቡ በአንድ ጥራዝ ነበሩና።

አሁን ዝም ብዬ ባልፈው ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ መሠረት ከ1952 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደች ነበረች። የኢትዮጵያ መንግሥት ፌዴሬሽኑን ያፈረሰው በኖቬምበር 1962 ነው፤ ሄግ ላይ የመጀመሪያውን ድል ከማግኘቱ አምስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ። ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያቆመውን አቋም ብቻህን አትለውጥም ብሎ የሚከስ መንግሥት፣ በዚያው ወራት ብቻውን ለወጠ። ይህን በፍርድ ቤት የጠየቀ መንግሥት አልነበረም። የነጻነቱ ጦርነት ሠላሳ ዓመት ወስዶ ያስከፈለውን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን። ከሳሹ ንጹሕ ካልሆነ ክሱ ይወድቃል ወይ? ይወድቃል ካልን በዓለም ላይ ከሳሽ አይገኝም። እኔ የምለው ከሳሽነት ተራ ይኑረው ነው፤ ዛሬ የከሰሰ ነገ ሲከሰስ «ምን አገባችሁ» እንዳይል።

ይህ ባዶ ምኞት እንዳልሆነ አንድ ሰነድ ያሳያል። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ በጁላይ 1 ቀን 1949። የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ወንጀሉን ሲደነግግ ከስምምነቱም አልፎ የፖለቲካ ቡድኖችን ጨመረ። ሕጉ ሲወጣ ብዙዎች ለውጭ ሰው ጌጥ የቆመ መስሏቸው ይሆናል። የደርግ ባለሥልጣኖች ስለ ቀይ ሽብር ዘመን ከ1994 ጀምሮ በአዲስ አበባ ተከሰው፣ በዲሴምበር 2006 ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ ሕግ ነው። ቆይቶ የሚሠራ ሕግ ነበር።

በዚያው ስምምነት ላይ ተመሥርታ፣ ሚያንማር በሮሂንጃ ሕዝብ ላይ አደረሰች ስለተባለው በደል፣ ትንሿ ጋምቢያ በኖቬምበር 2019 በሄግ ከሰሰች። ጋምቢያ ከሚያንማር ጋር የምትዋሰነው ድንበር የለም፤ የተነካባት ዜጋም አልጠቀሰችም። ሚያንማር የ1966ቱን ጥያቄ መልሳ አነሣች፤ ምን አገባት? ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2022 አሥራ አምስት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ የስምምነቱ አባል መንግሥት ሁሉ ያገባዋል ሲል መቃወሚያውን ጣለ። ከሰባት ለሰባት ወደ አሥራ አምስት ለአንድ ለመድረስ 56 ዓመት ፈጀ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ በጋዛ ስላለው ጦርነት በዚያው ስምምነት እስራኤልን የከሰሰችው ደቡብ አፍሪካ ሆነች። በ1965 ዳኞችን ለጉብኝት ትጋብዝ የነበረችው ፕሪቶሪያ፣ በጃንዋሪ 2024 ስለ ሌላ ሕዝብ ያገባኛል ብላ ቆመች፤ ፍርድ ቤቱም ጊዜያዊ ትእዛዞችን ሰጠ። ትእዛዝ መስጠትና መፈጸም ሁለት ነገር መሆናቸውን ከናሚቢያ ታሪክ አይተናል።

የግለሰቦች በር ግን አሁንም ጠባብ ነው። በአሩሻ ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ግለሰብ በቀጥታ እንዲከስ የሚፈቅደው መንግሥቱ ልዩ መግለጫ ከሰጠ ብቻ ነው። ሩዋንዳ በ2016፣ ታንዛኒያ በ2019፣ ቤኒንና አይቮሪ ኮስት በ2020 የሰጡትን መግለጫ ሰረዙ። ታንዛኒያ የፍርድ ቤቱ መቀመጫ ራሷ ናት። በር የከፈተ መንግሥት ክስ ሲበዛበት መልሶ ይዘጋዋል።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ለሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የዓለም ባንክ በ1993 አንድ የምርመራ ፓነል አቋቁሟል፤ ባንኩ ገንዘብ በሰጠበት ሥራ ተጎዳን የሚሉ ሰዎች፣ ሁለት እንኳ ቢሆኑ፣ መንግሥታቸውን ሳያስፈቅዱ አቤት ሊሉበት ይችላሉ። ፍርድ ቤት አይደለም፤ ካሣም አይፈርድም። ነገር ግን ድልድዩን የሚሻገረው ገበሬ፣ ስሙ በውሉ ውስጥ ባይኖርም፣ ቃሉ የሚሰማበት ቦታ አገኘ። እኛ ሰውን ከቀዬው የሚያስነሣ ፕሮጀክት ስናጠና የአፈር ምርመራ ሪፖርት ሳይያያዝ ንድፍ አናጸድቅም። በሪፖርቱ ላይ አንድ ገጽ ይጨመር እላለሁ፤ በዚህ ሥራ ምክንያት የሚነሣ ሰው ለማን አቤት ይላል፣ በስንት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል፣ መልሱ ካልጣመው ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል የሚለውን የሚመልስ ገጽ። የማኅበራችን የሥነ ምግባር ደንብ እንደገና በሚታይበት ጊዜ ይህ እንደ አንድ አንቀጽ እንዲገባ፣ ጽሑፉንም የሚያዘጋጅ ሦስት ሰው ያለበት ንኡስ ኮሚቴ እንዲመረጥ ሐሳቤን አቀርባለሁ። ከተመረጥሁ ለማገልገል ፈቃደኛ ነኝ።